የመኪና ታክሱ ሲያንገበግብ ማንን እንምረጥ፣ ማንን እናውርድ? የቨርጂኒያ ምርጫ ሰዓቶች

በየዓመቱ ሴፕቴምበር ሲጋመስ፣ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ የሀበሻ ካፌ ሁሉ ወሬው አንድ ነው። የመኪና ታክስ፣ በመኪናው ዋጋ ላይ በየዓመቱ የሚጣለው። ወረቀቱ በፖስታ ይመጣል። እስከ ኦክቶበር 5 ክፈል ይላል። ሰው ይበግናል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ሜሪላንድ ያለው ዘመድ ደውሎ «እኛ ጋ እኮ እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ይላል።

ኡበር የሚነዳ አንድ ወዳጄ በቀደም ይህንኑ እያነሳ ሲንገበገብ፣ «ቆይ ብቻ፣ ኖቬምበር ይምጣ! ገዥዋን በድምፄ ነው የማባርራት» አለኝ።

«ሶስት ችግር አለብህ» አልኩት። አንደኛ፣ ገዥዋ በ2026 ኖቬምበር አትመረጥም፣ አትወርድም። ሁለተኛ፣ ዘመኗ ሲያልቅም አንተ ልታባርራት አትችልም፤ ህጉ ራሱ ተከታትላ እንዳትወዳደር ይከለክላታል። ሶስተኛ፣ የመኪና ታክሱን መጠን የምትተምነው እሷ አይደለችም።

«ታዲያ ማን ነው?»

ረዘም ያለ መልስ ነው። ቡናችሁን ያዙ።

እኛ ዘመኑን በሁለት ቆጥረን፣ ዓመቱን 13 ወር አድርገን፣ ሰዓቱንም በስድስት አዛንፈን የምንኖር ሰዎች ነን። የቨርጂኒያ ምርጫ አቆጣጠር ሊከብደን አይገባም ነበር። ግን ይከብዳል። ምክንያቱም እዚህ አንድ የምርጫ ዘመን የሚባል ነገር የለም። የኮንግሬስ ተወካይ በየ2 ዓመቱ ይመረጣል። የአሌክሳንድሪያ ከተማ ምክር ቤት በ3 ዓመት። ገዥውና የስቴቱ ሴናተር በ4። የዋሽንግተኑ ሴናተር በ6። የሰርኪት ፍርድ ቤቱ ክለርክ፣ ማንም ስሙን የማያውቀው ሰውዬ፣ በ8 ዓመት አንዴ። እያንዳንዱ ወንበር የራሱ ሰዓት አለው። አንዱ ሲደውል ሌላው ተኝቷል። በዚህ የተነሳ ቨርጂኒያ ውስጥ ምርጫ የሌለበት ዓመት የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ከላይ እንጀምር። አቢጌይል ስፓንበርገር በኖቬምበር 4 ቀን 2025 ተመርጠው፣ በጃንዋሪ 17 ቀን 2026 ቃለ መሃላ ፈጸሙ። በስቴቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ገዥ ናቸው። ተቀናቃኛቸውን፣ በወቅቱ ምክትል ገዥ የነበሩትን ዊንሰም ኧርል-ሲርስን፣ በ15 ነጥብ ገደማ ነው ያሸነፉት። ሰፊ ልዩነት ነው። ያም ሆኖ በ2029 ለዚሁ ወንበር ዳግም መቅረብ አይችሉም። የቨርጂኒያ ህገ መንግስት ገዥ ሁለት ዘመን አከታትሎ እንዳይወዳደር ያግዳል። ከ50ዎቹ ስቴቶች ውስጥ እንዲህ ያለ ህግ የቀራት ቨርጂኒያ ብቻ ናት። ኬንታኪና ሚሲሲፒም ነበራቸው፤ ተዉት።

ከየት መጣ? ከፍርሃት። በ1776 የመጀመሪያውን ህገ መንግስት የጻፉት ሰዎች የእንግሊዝ ንጉስ በሚልካቸው ገዥዎች የተማረሩ ነበሩ። ስለዚህ የመጀመሪያው ገዥ ፓትሪክ ሄንሪ የተመረጠው በህዝብ ሳይሆን ህገ መንግስቱን ባወጣው ጉባኤ ነው፤ ዘመኑም አንድ ዓመት ብቻ። ቢበዛ ሶስት ዓመት ተከታትሎ መቆየት ይቻል ነበር፣ ከዚያ ውረድ። ህዝቡ ገዥውን በቀጥታ መምረጥ የጀመረው የ1851ዱ ህገ መንግስት ከወጣ በኋላ ነው። ያኔም «አንዴ ይበቃሃል» የሚለው ነገር ቀረ ማለት አይደለም፤ በ4 ዓመት ተተካ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይነሳም የሚለው ስጋት ለኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ስላልሆነ፣ ሃሳቡ ሳይገባን አይቀርም።

አርፎ መመለስ ግን ይቻላል። ሚልስ ጎድዊን በ1965 ዴሞክራት ሆነው ተመረጡ፣ አራት ዓመት አረፉ፣ በ1973 ሪፐብሊካን ሆነው ተመለሱ። ከዚህ በላይ ልብስ መቀየር አለ? ቴሪ ማኮሊፍም ከ2014 እስከ 2018 ገዝተው በ2021 ሊመለሱ ሞከሩ። በግሌን ያንግኪን ተሸነፉ።

የዚህ ህግ ትልቁ ጣጣ በጀት ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያየውም። ቨርጂኒያ በጀቷን የምትሰራው ለሁለት ዓመት ነው። ተሰናባቹ ገዥ ሊወጣ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ በዲሴምበር፣ የሚቀጥለውን የሁለት ዓመት በጀት ረቂቅ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። አዲሱ ገዥ በጃንዋሪ ሲገባ ሌላ ሰው የጣደውን ወጥ ማማሰል ነው የሚጠብቀው። ጨው መጨመር ይችላል፣ ሽንኩርቱን ግን እንደገና አይከትፍም። ስፓንበርገር ከሀ እስከ ፐ የራሳቸው የሆነ የሁለት ዓመት በጀት የሚያቀርቡት በዲሴምበር 2027 ነው። ቀጣዩን በዲሴምበር 2029 ሲያቀርቡ ደግሞ ሻንጣቸውን እየሸከፉ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ራስ ጥደው ራስ የሚያወጡት አንድ ወጥ ብቻ ነው።

እኔ በበኩሌ ይህ ህግ ዛሬ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል ባይ ነኝ። መራጩ ጥሩ የሰራችውን ድገሚ፣ መጥፎ የሰራችውን ውረጂ የሚልበት ዕድል የለውም። ወዳጄ «ገዥዋን አባርራታለሁ» ሲል የተሰማው ስሜት ትክክል ነው። ስሜቱን የሚያስገባበት ሳጥን ነው የሌለው።

ከገዥዋ ጋር በአንድ ቀን የሚመረጡ ሁለት ሰዎች አሉ፦ ምክትል ገዥና ዋና አቃቤ ህግ። አሁን ምክትሏ ጋዛላ ሃሽሚ ናቸው፤ ህንድ ተወልደው በልጅነታቸው አሜሪካ የመጡ ሙስሊም ሴት። አቃቤ ህጉ ጄይ ጆንስ ናቸው። ሶስቱም ዴሞክራት ናቸው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ በቨርጂኒያ እነዚህ ሶስቱ በአንድ ቲኬት አይመረጡም። እንደ ፕሬዝዳንትና ምክትል ፕሬዝዳንት ተጣምረው አይመጡም። ለሶስቱም ለየብቻ ነው ድምፅ የምትሰጡት። በ2005 ህዝቡ ገዥነቱን ለዴሞክራቱ ቲም ኬይን ሰጠና ምክትልነቱንና አቃቤ ህግነቱን ለሪፐብሊካኖች አደለ። የዚያ ዓመት የአቃቤ ህግ ውድድር ወደ ሁለት ሚሊዮን ከሚጠጋ ድምፅ ውስጥ የተወሰነው ከ400 ባነሰ ልዩነት ነው። ለምክትሉና ለአቃቤ ህጉ ደግሞ የዘመን ገደብ የለም፤ በ2029 ሁለቱም ዳግም መወዳደር ይችላሉ።

ለምንድን ነው ገዥ በጎዶሎ ዓመት፣ ፕሬዝዳንት በተመረጠ ማግስት የሚመረጠው? አንዱ መከራከሪያ የስቴቱ ጉዳይ በዋሽንግተን ጫጫታ እንዳይዋጥ ነው የሚል ነው። በተግባር የሆነው ተቃራኒው ነው። ከ1977 ጀምሮ ዋይት ሀውስን የያዘው ፓርቲ ቨርጂኒያን የሚሸነፍበት ልማድ አለ። አንዴ ብቻ፣ በ2013፣ ማኮሊፍ በኦባማ ዘመን አሸንፈው ሰበሩት። በ2021 ባይደን ዋይት ሀውስ ሲሆኑ ሪፐብሊካን አሸነፈ። በ2025 ትራምፕ ሲሆኑ ዴሞክራት። ቨርጂኒያ ገዥዋን እየመረጠች ለፕሬዝዳንቱ መልእክት ትልካለች።

መልእክት ከተባለ፣ እኛም አንድ ልከናል። ኖቬምበር 2 ቀን 2021። የሰሜኑ ጦርነት ሰሞን ነው። የባይደን አስተዳደር ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በፊት ማዕቀብ የሚፈቅድ ትእዛዝ አውጥቶ ነበር። በዚያው በምርጫው ዕለት ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ሸቀጥ ያለቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ እንደምትወጣ አስታወቀ። እዚህ አካባቢ ከፊሉ የኛ ማህበረሰብ ተቆጥቶ «ዴሞክራት እንዳትመርጡ» የሚል ዘመቻ ላይ ነበር። ለያንግኪን የቆሰቆሱ፣ በራሪ ወረቀት የበተኑ፣ ስልክ የደወሉ ነበሩ። ማህበረሰቡ ሁሉ በአንድ ልብ ነበር ማለት አይደለም፤ ጦርነቱ ራሱ ስንቱን ለያይቶ ነበር። ያንግኪን በ64,000 በማይሞላ ድምፅ አሸነፉ። «እኛ ነን ያስመረጥነው» የሚል ወሬ ለሳምንታት ቆየ። እኔ ማጋነን ነው እላለሁ። ግን ወሬውን ትተን ስራውን እንይ። የቨርጂኒያ ገዥ ማዕቀብ አይጥልም፣ አያነሳም። አጎዋ የሚነካው ዋሽንግተንን ነው። ገዥው በስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ቁጭ ብሎ ስለ መንገድ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሜዲኬይድ ነው የሚፈርመው።

ታዲያ ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከተው ሰው ቨርጂኒያ ውስጥ አልነበረም? ነበር። ቲም ኬይን፣ ያው የ2005ቱ ገዥ፣ ዛሬ የዋሽንግተን ሴናተር ናቸው። የሴኔቱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ አባል ናቸው። ግን የሳቸው ወንበር በ2018 ተመርጦ እስከ 2024 የሚቆይ ነበር። ቁጣችን በጋለበት ዓመት የሳቸው ሰዓት ተኝቷል። ስለዚህ ሰዉ ያገኘው ሳጥን ውስጥ ቁጣውን ከተተ። ፖለቲካ ነው፣ አንዳንዴ እንደዚያ ያደርጋል። ግን እያወቁ ማድረግና ሳያውቁ ማድረግ ይለያያል።

የዋሽንግተኑን ቶሎ እንጨርሰው፤ ቀላል ነው። ቨርጂኒያ ሁለት ሴናተር አላት። ማርክ ዋርነርና ቲም ኬይን፣ ሁለቱም የቀድሞ ገዥዎች። የዋርነር ወንበር ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ለምርጫ ይቀርባል። የኬይን በ2030። በ2028 ፕሬዝዳንት ሲመረጥ በቨርጂኒያ የሴናተር ምርጫ የለም ማለት ነው። 11ዱ የኮንግሬስ ተወካዮች ግን በ2026ም፣ በ2028ም፣ በ2030ም፣ ሁሌም በሙሉ ዓመት ሁሉም ይመረጣሉ።

አሁን ሪችመንድ። ጀነራል አሴምብሊ የሚባለው የስቴቱ ምክር ቤት ሁለት ክፍል አለው። 100 ዴሌጌቶች ያሉበት ታችኛው ቤት በየ2 ዓመቱ፣ በጎዶሎ ዓመት ይመረጣል። 40 አባላት ያሉት የስቴቱ ሴኔት በ4 ዓመት አንዴ፣ ሁሉም በአንድ ቀን። በ2025 ዴሞክራቶች ታችኛውን ቤት 64 ለ36 ያዙ። ሴኔቱ በ2023 ነው የተመረጠው፣ 21 ለ19። አንድ ሰው ቢከዳ 20 ለ20 ይሆናል፤ ያኔ ምክትል ገዥዋ ድምፅ ሰጥተው ይለያሉ። የምክትልነት ወንበር ጌጥ የሚመስለው፣ እንዲህ ያለ ቀን እስኪመጣ ነው።

ትልቁ ዓመት እንግዲህ 2027 ነው። ፕሬዝዳንት የለም፣ ገዥ የለም፣ የዋሽንግተን ሴናተር የለም። ቴሌቪዥኑ ዝም ይላል። ግን 100ውም ዴሌጌት፣ 40ውም የስቴት ሴናተር፣ የአብዛኛው ካውንቲ ቦርድ በዚያ ዓመት ይመረጣል። የቤት ኪራይ ህግ፣ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ የሚወሰነው እነሱ ጋ ነው። ሰው ግን አይወጣም። በ2020 ፕሬዝዳንት ሲመረጥ ከ4.4 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ። በ2021 ለገዥው 3.3 ሚሊዮን ገደማ። ገዥም ፕሬዝዳንትም በሌለበት ዓመት ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል።

«የኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል» ለሚል ሰው አንድ ታሪክ አለኝ። በ2017 ኒውፖርት ኒውስ አካባቢ፣ 94ኛው የምርጫ ክልል። ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ እና ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስ ተወዳደሩ። ቆጠራው እንደገና ተካሄደ፣ ክርክር ተነሳ፣ ፍርድ ቤት ገባ። በመጨረሻ ሁለቱም 11,608 ድምፅ። እኩል በእኩል። የቨርጂኒያ ህግ እንዲህ ሲሆን እጣ ይወጣ ይላል። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 የሁለቱ ስም በሁለት ትናንሽ የፊልም ቆርቆሮ ውስጥ ተደርጎ፣ አንድ የሸክላ ሳህን ውስጥ ተከተተ። በካሜራ ፊት አንዱ ተነሳ። ያንሲ። በዚያች እጣ ሪፐብሊካኖች 51 ለ49 ሆነው ምክር ቤቱን ያዙ። ሳይመንድስ ብትወጣ 50 ለ50 ይሆን ነበር። እኛ እቁብ ላይ እጣ እናወጣለን፤ እነሱ ምክር ቤት ላይ። በዚያ ክልል ውስጥ «ዛሬ ደክሞኛል» ብሎ ቤቱ የዋለ አንድ ሰው ቢወጣ ኖሮ ሳህኑ ባላስፈለገ ነበር። ሳይመንድስ በ2019 ተመልሳ አሸነፈች።

ይህ ምክር ቤት ሌላም የማይወራለት ስልጣን አለው። በቨርጂኒያ ዳኛ የሚመርጠው ህዝብ አይደለም፣ ገዥውም አይሾምም፤ ምክር ቤቱ ነው የሚመርጠው። እንዲህ የምታደርገው ሌላዋ ስቴት ደቡብ ካሮላይና ብቻ ናት። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ 12 ዓመት ይቀመጣል። የትራፊክ ቅጣታችሁን የሚያየው ጄነራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ዳኛ 6 ዓመት። ዳኛው አልወደደኝም ብላችሁ ከተበሳጫችሁ፣ መንገዱ በዴሌጌታችሁና በስቴት ሴናተራችሁ በኩል ነው።

ወደ መኪና ታክሱ እንመለስ።

በ1997 ጂም ጊልሞር የሚባሉ ሰው «የመኪና ታክስ ይቅር» ብለው ለገዥነት ተወዳደሩ። አሸነፉ። ምክር ቤቱም በ1998 ህግ አወጣ፤ ስቴቱ ከመኪናው ዋጋ እስከ 20,000 ዶላር ባለው ላይ የሚጣለውን ታክስ ደረጃ በደረጃ ይሸፍናል ተባለ። ወጪው ከታሰበው በላይ ናረ። በኋላ ምክር ቤቱ በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ብሎ ጣሪያ አበጀለት። መኪናው እየበዛ፣ ዋጋው እየጨመረ ሄደ፤ ገንዘቡ ግን እዚያው 950 ላይ ቆመ። ወረቀታችሁ ላይ የምታዩዋት ቅናሽ በየጊዜው እየሳሳች የሄደችው ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህም ለገዥነት ሲወዳደሩ የመኪና ታክሱን ነገር ያነሱ አሉ። ታክሱ ግን አለ።

እንግዲህ ሰንሰለቱን ተከተሉ። ታክሱ እንዲኖር የሚፈቅደው ህገ መንግስቱና የስቴቱ ህግ ነው፤ ይህ የጀነራል አሴምብሊ ጉዳይ ነው፣ 2027። በየ100 ዶላሩ ስንት ይከፈል የሚለውን የሚተምነው ግን ካውንቲያችሁ ወይም ከተማችሁ ነው። ፌርፋክስ ካውንቲ ለረጅም ጊዜ 4.57 ሲያስከፍል ቆይቷል። አርሊንግተን 5 ዶላር። አሌክሳንድሪያ 5.33። ያው መኪና፣ ያው ሰው፣ መንገድ ተሻግሮ ሲኖር ሌላ ሂሳብ።

እዚህ ላይ ብዙ የኛ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የፖስታ አድራሻችሁ አሌክሳንድሪያ ስለሚል አሌክሳንድሪያ ትኖራላችሁ ማለት አይደለም! በቨርጂኒያ ከተማና ካውንቲ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ ከተማው ካውንቲው ውስጥ አይደለም። አድራሻው «አሌክሳንድሪያ» ወይም «ፎልስ ቸርች» እያለ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ የሚኖር ሰው ብዛት አይጣል ነው። ስካይላይንና ቤይሊስ ክሮስሮድስ የምንለው ሰፈር ፖስታው ፎልስ ቸርች ይላል፣ አስተዳደሩ ግን ፌርፋክስ ነው። ወዳጄ ራሱ አምስት ዓመት የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ ነኝ ብሎ ሲያስብ ኖሯል። የታክስ ወረቀቱን አገላብጦ ሲያየው ላኪው ፌርፋክስ ነው።

ፌርፋክስ 9 ዲስትሪክት አለው፤ ከየዲስትሪክቱ አንድ ሱፐርቫይዘር (የካውንቲው ቦርድ አባል) እና በካውንቲው ሁሉ የሚመረጥ ሊቀመንበር፣ በድምሩ 10። ወንበሮቹ ሁሉ በ2023 ለምርጫ ቀረቡ፣ ሁሉም በ2027 ይመጣሉ። የትምህርት ቤት ቦርዱም እንዲሁ። አርሊንግተን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ 5 የቦርድ አባላት አሉት፣ ወንበራቸው ተፈራርቆ ስለሚያልቅ በየዓመቱ አንድ ወይም ሁለቱ ይመረጣል። የአሌክሳንድሪያ ከንቲባ አሊያ ጋስኪንስና 6ቱ የምክር ቤት አባላት በ2024 ለ3 ዓመት ተመርጠዋል።

ሸሪፉንም ሰው ከፖሊስ አዛዥ ጋር ያምታታዋል። ፌርፋክስ ውስጥ መንገድ ላይ የሚያስቆማችሁ ፖሊስ አለቃው የሚሾም ነው። ሸሪፉ እስር ቤቱንና የፍርድ ቤቱን ጥበቃ ነው የሚመራው፤ እሱ በ4 ዓመት ይመረጣል። የካውንቲው አቃቤ ህግም ይመረጣል። ማን ይከሰስ፣ ማን ይታለፍ የሚለው በሱ እጅ ነው፤ እኔ ብጠየቅ ከኮንግሬስ ተወካዩ ይልቅ የሱ ወንበር ኑሯችንን ይነካል እላለሁ።

ከመርሃ ግብር ውጭ የሚመጡም አሉ፤ የማሟያ ምርጫ። የኮንግሬስ ተወካዩ ጄሪ ኮኖሊ በሜይ 2025 አረፉ። በሴፕቴምበር ማሟያ ምርጫ ተደረገና የፌርፋክሱ ሱፐርቫይዘር ጄምስ ዎኪንሾ ወንበሩን ወሰዱ። ያኔ የሳቸው የሱፐርቫይዘርነት ወንበር ባዶ ሆነ። ለሱ ደግሞ በዲሴምበር ሌላ ምርጫ። በመሃል የኖቬምበሩ ዋና ምርጫ አለ። በአራት ወር ሶስት ጊዜ ድምፅ የሰጠ ሰው አውቃለሁ። ሶስተኛው ላይ ምርጫ ጣቢያው ውስጥ ከሰራተኞቹ በቀር እሱ ብቻ ነበር።

ድምፅ ለመስጠት ዜግነት ያስፈልጋል፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። ሜሪላንድ ያለችው ታኮማ ፓርክ ዜጋ ላልሆነ ነዋሪም በከተማዋ ምርጫ ትፈቅዳለች። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን እንዳትሞክሩት፤ ወንጀል ነው፣ የዜግነት ማመልከቻችሁንም ገደል ይከትባችኋል። ዜጋ ከሆናችሁ ግን ነገሩ ቀላል ነው። ቨርጂኒያ ስትመዘገቡ ፓርቲያችሁ የቱ ነው አትልም። በፕራይመሪም (ፓርቲዎች እጩ በሚለዩበት ቅድመ ምርጫ) ከፈለጋችሁት ፓርቲ ወረቀት መውሰድ ትችላላችሁ፣ አንዱን ብቻ። ከምርጫው ቀን 45 ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ በአካል መምረጥ ይቻላል። ለሹፌርና ለነርስ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማክሰኞን ከስራ መቅረት አያስፈልግም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የገዥው፣ የኮንግሬሱና የምክር ቤቱ ተወዳዳሪዎች ፓርቲ ተጽፏል። የካውንቲ ቦርድ፣ የሸሪፍና የትምህርት ቤት ቦርድ ተወዳዳሪዎች ጎን ግን ምንም የለም። ባዶ ስም ብቻ። ለዚህ ነው ከበሩ 40 ጫማ ራቅ ብለው ሰዎች ቆመው ናሙና ወረቀት የሚያድሏችሁ። ተቀበሏቸው፣ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ስሞቹን ቤታችሁ ሆናችሁ እዩ። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን በአማርኛም መረጃ ያወጣሉ።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ነገርኩት። ቡናው ሁለተኛ ሊቀዳ ነው።

«በቃ፣ የኔ ሰው ሱፐርቫይዘሩ ነው። እስከ 2027 መታገስ ነው» አለ።

«የግድ አይደለም» አልኩት። የታክሱ መጠን የሚጸድቀው በየዓመቱ ከበጀቱ ጋር ነው፤ ከዚያ በፊት፣ በአፕሪል፣ ቦርዱ ህዝብ የሚናገርበት ስብሰባ ይጠራል። ትመዘገባለህ፣ ማይክራፎኑ ፊት ቆመህ ሁለት ሶስት ደቂቃ ትናገራለህ። የምርጫ ካርድ አይጠይቁም። ዜጋ መሆንም አያስፈልግም፣ ሚስትህንም ይዘሃት ሂድ።

ትንሽ አሰበና ስልኩን አወጣ። ቀን መቁጠሪያውን አገላበጠ።

«አፕሪል? በሁዳዴ? ጾሜን ይዤ ማታ ቆሜ ልጮህ?»

«ከፋሲካ በኋላ ያለውን ቀን ምረጥ» አልኩት።